የአይቡፕሮፌን ሁለት መንገዶች

በ1877 ፓሪስ ውስጥ ሻርል ፍሪደል የተባለ ፈረንሳዊና ጄምስ ክራፍትስ የተባለ አሜሪካዊ ባልደረባው አሉሚንየም ክሎራይድ የተባለው ዱቄት ምን ማድረግ እንደሚችል ለዓለም አሳወቁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስድስት ካርቦኖች ክብ ሠርተው የተያያዙባቸው ሞለኪውሎች ጠንካሮች ናቸው፤ አዲስ ካርቦን ሊቀጥሉባቸው ሲሞክሩ ያስቸግራሉ። ይህ ዱቄት ሲጨመር ግን ቅጥያው ይሳካል። ዘዴው በሁለቱ ሰዎች ስም እየተጠራ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ክፍል ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ላይ የተማረም፣ ቦስተን ላይ የተማረም ያውቀዋል። ቀለሙም፣ ሽቶውም፣ መድኃኒቱም በዚያ በር አልፏል።

በሩ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አሉሚንየም ክሎራይድ ካታሊስት ይባላል። ካታሊስት ማለት ሥራውን አፋጥኖ ራሱ ሳይለወጥ የሚቀር፣ ጥቂቱ ለብዙ የሚበቃ ነገር ነው። ኬቶን የሚባሉትን ውህዶች ሲሠሩበት ግን ይህ ዱቄት እንደዚያ አይሆንም። ከተሠራው ውህድ ጋር ይጣበቅና አልላቀቅም ይላል። ለማላቀቅ ውሃ መጨመር ግድ ነው፤ ውሃ ሲነካው ደግሞ ይፈርሳል፣ የአሲድ ጭስ ይለቃል፣ ለዳግም ሥራ የማይበጅ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተሠራ ሞለኪውል ቢያንስ አንድ የአሉሚንየም ክሎራይድ ሞለኪውል ይጠፋል። በዘመኑ ይህን እንደ ጉዳት የቆጠረው አልነበረም። ወንዙ ቅርብ ነበር፣ መሬቱም ሰፊ።

በ1904 ኦጉስት ዳርዛን ክሎሪን ባለበት ውህድ እየተረዱ የካርቦን ሰንሰለት የሚያስረዝሙበትን ሌላ መንገድ ጨመረ። ይኸኛውም በየመጻሕፍቱ ገባ። ሁለቱ ዘዴዎች አንድ ላይ ተገናኝተው በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ወደሚገኝ ክኒን የገቡት ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኖቲንግሃም በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው።

ኖቲንግሃም የቡትስ አገር ናት። ጆን ቡት በ1849 የዕፅዋት መድኃኒት የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ ልጁ ጄሲ ሱቁን አሳድጎ መላ ብሪታንያን ያዳረሰ የመድኃኒት ድርጅት አደረገው። ጄሲ ቡት ለከተማዋ በሰጠው መሬት ላይም በ1928 የዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንፃ ተመረቀ። ያ ግቢ በኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይገባልና ከወዲሁ ልብ ማለት ይበጃል።

ስቱዋርት አዳምስ በ16 ዓመታቸው ከትምህርት ቤት ወጥተው በቡትስ ፋርማሲ ተለማማጅ ሆነው ተቀጠሩ። ኋላ ፋርማሲ ተማሩ፣ ዶክትሬታቸውን ሊድስ ላይ ያዙ፣ ወደ ቡትስም ተመለሱ። በ1953 የተሰጣቸው ሥራ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትን የሚያስታግስ አዲስ መድኃኒት መፈለግ ነበር። በጊዜው ሕመምተኛው አስፕሪን በብዛት ይውጥ ነበር፤ አስፕሪን ደግሞ በዚያ መጠን ሲወሰድ ሆድ ያቃጥላል፣ ጨጓራም ያደማል። አዳምስ ሥራውን የጀመሩት በከተማዋ ዳርቻ ራትላንድ ጎዳና ላይ በሚገኝ አሮጌ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ከኬሚስቱ ከጆን ኒኮልሰን ጋር ሆነው ከ600 በላይ ውህዶችን አንድ በአንድ ፈተሹ። አንዱ ተስፋ ይሰጥና ሰው ላይ ሲሞከር ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል፤ ሌላው፣ አይቡፌናክ የተባለው፣ እንግሊዝ ውስጥ ገበያ እስከ መውጣት ደርሶ ጉበት ስለሚጎዳ ተሰበሰበ። የኋላ ኋላ የተረፈው አይቡፕሮፌን ነበር። የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻው በ1961 ገባ፤ መድኃኒቱ በ1969 በብሪታንያ፣ በ1974 በአሜሪካ መሸጥ ጀመረ። በ1980ዎቹ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ሲፈቀድ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት ሆነ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋው አድቪልም ይኸው አይቡፕሮፌን ነው።

ቡትስ ይህን መድኃኒት የሠራበት መንገድ ስድስት ደረጃ ነበረው፤ እያንዳንዱን በእርጋታ መመልከት ይጠቅማል። መነሻው ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ አይሶቡቲልቤንዚን የተባለ ፈሳሽ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የፍሪደልና የክራፍትስ ዘዴ ይሠራል፤ ሁለት ካርቦኖች ይቀጠላሉ፣ አሉሚንየሙ ዝቃጭ ሆኖ ይጣላል። በሁለተኛው ዳርዛን ይመጣል፤ ክሎሪን ያለበት ውህድና የሶዲየም ውህድ ይገባሉ፣ ክሎሪኑና ሶዲየሙ ጨው ሆነው ይወጣሉ። በሦስተኛው፣ አሁን ከገቡት ካርቦኖች አንዱ ብቻ ቀርቶ ሌላው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይባረራል። በአራተኛው ሃይድሮክሲላሚን ተጨምሮ ናይትሮጅን ሞለኪውሉ ላይ ይሰካል። በአምስተኛው ከሞለኪውሉ ውሃ ይነጠላል። በስድስተኛው ያ የተሰካው ናይትሮጅን ተመልሶ ይነቀላል።

በአይቡፕሮፌን ሞለኪውል ውስጥ አንዲት የናይትሮጅን አቶም የለችም። የክሎሪንም፣ የሶዲየምም፣ የአሉሚንየምም የለችም። ሁሉም በገንዘብ ተገዝተው፣ በመርከብና በባቡር ተጓጉዘው ፋብሪካ የገቡ፣ መንገድ ላይ አገልግለው በጓሮ በር የወጡ ናቸው።

መንገዱን የነደፉት ኬሚስቶች ሰነፎች አልነበሩም፤ ይህን በአጽንዖት መናገር ይገባል። በዘመኑ አንድ ኬሚስት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ካስገባኸው መነሻ ውህድ ስንት በመቶው ወደምትፈልገው ነገር ተለወጠ? ዘጠና ካለ ይመሰገናል። በዚህ መለኪያ የቡትስ መንገድ መልካም መንገድ ነበር። ነገር ግን አንድ ደረጃ መቶ በመቶ ቢሳካም አብሮት ተራራ የሚያህል ጨው ሊወልድ ይችላል፤ መለኪያው ያንን አያይም። ትምህርት ቤትም አያስተምረውም ነበር። የኬሚስትሪ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ፣ ዶክትሬትም ጨምሮ፣ የሚሠራው ነገር ሰውንና ወንዝን እንዴት እንደሚመርዝ አንድም ኮርስ ሳይወስድ መመረቁ የተለመደ ነበር። ለእኔ የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ በፊት በማስተማሪያ ክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ።

በእነዚያው ዓመታት ዓለም ከኬሚካል ጋር ያለው ግንኙነት እየሻከረ መጣ። በ1962 አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ራቸል ካርሰን ዲዲቲና መሰሎቹ በወፎችና በዓሦች ላይ ያደረሱትን ጥፋት የሚያጋልጥ መጽሐፍ አወጣች። በ1970 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተቋቋመ። በ1976 ጣሊያን ውስጥ ሴቬሶ አጠገብ ካለ ፋብሪካ ዳይኦክሲን አምልጦ መንደሮችን መረዘ። የመንግሥታቱ ምላሽ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር፦ ቆሻሻው ከተሠራ በኋላ እንዲጣራ፣ እንዲቃጠል፣ በሕግ በተፈቀደ ጉድጓድ እንዲቀበር ማዘዝ።

ዲሴምበር 1984 ሕንድ ውስጥ ቦፓል ላይ የሆነው ይህ ምላሽ ምን ያህል ጎደሎ እንደነበረ አሳየ። ዩኒየን ካርባይድ ካርባሪል የተባለ ፀረ ተባይ የሚሠራው በቅድሚያ ሜቲል አይሶሳያኔት የተባለውን እጅግ መርዛማ ፈሳሽ አምርቶና በታንክ አከማችቶ ነበር። አንድ ሌሊት ውሃ ታንኩ ውስጥ ገባ፤ ወደ 40 ቶን የሚጠጋ መርዝ ተንኖ በተኛች ከተማ ላይ ወረደ። በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ የተጎዱት ደግሞ በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ኬሚስት የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ የሚያንገበግበው ነገር አለ። ያንኑ ካርባሪል በሌላ ቅደም ተከተል መሥራት ይቻላል። ያው ሦስት ዋና ግብዓት፣ ያው የመጨረሻ ምርት፤ ግን ማን ከማን ጋር ቀድሞ ይዋሃድ የሚለው ሲቀየር ሜቲል አይሶሳያኔት ጨርሶ አይፈጠርም። ያልተፈጠረ መርዝ ደግሞ ከታንክ ሊያመልጥ አይችልም። ፎስጂን የሚባለው መርዝ በሁለቱም መንገድ ያስፈልጋል፤ ሌላኛው መንገድም ከአደጋ ነጻ ነው ማለቴ አይደለም። የዚያች ሌሊት ሞት ግን በወረቀት ላይ በተመረጠ ቅደም ተከተል ውስጥ ነበረ።

በ1990 የአሜሪካ ምክር ቤት ብክለትን መከላከያ ሕግ አወጣ። ሕጉ ያመጣው አዲስ ነገር ቆሻሻን ከማጣራት በፊት አለመፍጠርን ማስቀደሙ ነው። በአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ወጣቱ ኬሚስት ፖል አናስታስ ለዚህ አስተሳሰብ አረንጓዴ ኬሚስትሪ የሚል ስም ሰጡት።

ስም ብቻ ግን ፋብሪካ አይለውጥም፤ የጠፋው መለኪያ ነበር። እሱም በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለት ቦታ መጣ። በ1991 የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ባሪ ትሮስት የአቶም ቁጠባ ያሉትን ሐሳብ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። የእሳቸው ጥያቄ ከድሮው ይለያል፦ ያስገባሃቸው አቶሞች በሙሉ ተደምረው ስንቶቹ ምርቱ ውስጥ ተገኙ? አንድ ልብስ ሰፊ ሦስት ሜትር ጨርቅ ተቀብሎ ቀሚሱን ቢያስረክብና ቀሚሱ ላይ ያለው አንድ ሜትር ከሃያ ብቻ ሆኖ ቢገኝ፣ ስፌቱ የቱንም ያህል ቢያምር የቀረው ጨርቅ የት ገባ ብለን መጠየቃችን አይቀርም። የትሮስት ጥያቄም ይኸው ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የመጣው ከኔዘርላንድስ ነው። ሮጀር ሼልደን በ1980ዎቹ በሚሠሩበት ኩባንያ ፍሎሮግሉሲኖል የሚባል ውህድ ይመረት ነበር። መነሻው ፈንጂው ቲኤንቲ ነው፤ በክሮሚየም ውህድና በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ይቃጠላል፣ ከዚያ በብረትና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለወጣል። ሼልደን ቁጭ ብለው ቢያሰሉት አንድ ኪሎ ምርት ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ ቆሻሻ ይወልዳል። የማስወገጃው ወጪ የምርቱን ዋጋ ሊያክል ሲቃረብ ፋብሪካው ተዘጋ። ሼልደን ይህን ስሌት ወደ ሌሎች ኢንዱስትሪዎችም አዞሩትና በ1992 ውጤቱን አወጡ። ለአንድ ኪሎ ምርት ስንት ኪሎ ቆሻሻ? ነዳጅ ማጣሪያዎች፣ ሰው ሁሉ በክፉ የሚያነሣቸው፣ ከአንድ መቶ ግራም በታች ሆነው ተገኙ። ፈዋሹ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ግን ከ25 ኪሎ ጀምሮ መቶ ኪሎ አልፎ ይሄድ ነበር። በእርግጥ መድኃኒት የሚመረተው በጥቂት መጠን ነው፤ ያም ሆኖ ቁጥሩ የኢንዱስትሪውን ሰዎች አሳፈረ፤ ማሳፈሩም ጥሩ ነበር።

የአይቡፕሮፌንን የስድስት ደረጃ መንገድ በትሮስት ሚዛን እናስቀምጠው። የሚገቡት ውህዶች የሞለኪውል ክብደት ሲደመር 514 ይሆናል፤ የአይቡፕሮፌን 206 ነው። 40 በመቶ መሆኑ ነው። የቀረው 60 በመቶ ሁሉም ደረጃ ያለ እንከን ቢሳካ እንኳ ቆሻሻ ነው፤ ለአንድ ኪሎ መድኃኒት አንድ ኪሎ ተኩል። በዚህ ስሌት ውስጥ አሉሚንየም ክሎራይዱ ገና አልተቆጠረም፤ ማሟሚያ ፈሳሾቹም እንዲሁ። ዓለም በዓመት ከአሥር ሺሕ ቶን በላይ አይቡፕሮፌን ትውጥ ነበርና ማባዛቱን አንባቢ ይድረስበት።

መንገዱ የተለወጠው ግን በስሌቱ አሳፋሪነት አልነበረም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የቡትስ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አበቃ፤ ማንም አይቡፕሮፌን ሠርቶ መሸጥ ቻለ። ዋጋ ወደቀ፣ ፉክክር ጠና፣ በርካሽ የሚሠራ ብቻ የሚኖርበት ገበያ ተከፈተ። ቡትስ ከሄክስት ሴላኒስ ጋር ሽርክና ገባ፤ የሽርክናው ኩባንያ ከሦስቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ቢኤችሲ ተባለ። ኬሚስቶቹ የጠየቁት ጥያቄ የስድስት ደረጃውን መንገድ እንዴት እናሻሽል የሚል አልነበረም። መድረሻውን አስቀምጠው፣ ወደዚያ የሚወስድ፣ የሚገባ አቶም ሁሉ የሚጠቅምበት መንገድ አለ ወይ አሉ።

አገኙትም። ሦስት ደረጃ ብቻ ነው። መነሻው ያው አይሶቡቲልቤንዚን ሆኖ በመጀመሪያው ደረጃ ሁለቱ ካርቦኖች በሃይድሮጅን ፍሎራይድ አማካይነት ይቀጠላሉ። ይህ ፈሳሽ ካታሊስትም ማሟሚያም ሆኖ ያገለግላል፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚፈላ ሥራው ሲያልቅ በቀላሉ ተንኖ ይሰበሰባል፣ ለሚቀጥለውም ዙር ይመለሳል። የሚመለሰው ከ99.9 በመቶ በላይ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ሃይድሮጅን በኒኬል ካታሊስት ይጨመራል፤ የገባው ሃይድሮጅን በሙሉ እዚያው ይቀራል። በሦስተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ በፓላዲየም ካታሊስት ይገባል፤ እሱም በሙሉ እዚያው ይቀራል። ናይትሮጅን አልገባም፣ ስለዚህ ናይትሮጅን ማውጣት የለም። ክሎሪን አልገባም፣ ስለዚህ የጨው ክምር የለም። የአቶም ቁጠባው ከ40 ወደ 77 በመቶ ወጣ፤ የቀረው 23 በመቶ አሴቲክ አሲድ ነው፣ እሱም ተሰብስቦ ጥቅም ላይ ስለሚውል ብክነቱ ከአንድ በመቶ አይበልጥም።

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ከፍቶ እነዚህን ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው የሁለተኛውን ውበት ሳያይ አያልፍም። ውበት የምለው ለጌጥ አይደለም። እያንዳንዱ የገባ ነገር የገባበት ምክንያት አለው፣ ከገባም ወዲያ መኖሪያው እዚያው ነው።

ፋብሪካው በኦክቶበር 1992 በቴክሳስ ግዛት ቢሾፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ሥራ ጀመረ። በዓለም ትላልቅ ከሚባሉት የአይቡፕሮፌን ፋብሪካዎች አንዱ ሆነ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1995 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት እንዲቋቋም አድርገው ነበርና፣ በ1997 ሽልማቱን ካገኙት አንዱ ይህ የቢሾፕ መንገድ ሆነ።

ሽልማቱ ግን አንድ ነገር እንዳይሸፍንብን። ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ከአሉሚንየም ክሎራይድ የባሰ ጨካኝ ነገር ነው። ቆዳ አልፎ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ የደምን ካልሲየም ይይዛል፣ ትንሽ የቆዳ ቃጠሎ የመሰለው ልብ ሊያቆም ይችላል። በ1987 በዚያው በቴክሳስ፣ ቴክሳስ ሲቲ ላይ፣ በአንድ ነዳጅ ማጣሪያ ክሬን የተሸከመው ከባድ ዕቃ ወድቆ የዚህን ኬሚካል ታንክ ቧንቧ ሰበረ፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ቢሾፕ ላይ ቆሻሻው እንደጠፋ እውነት ነው፤ አደጋው ግን በታንክ ውስጥ ተቀምጧል፣ የሚጠብቀውም የሰው ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ የቢሾፕን መንገድ ከቀድሞው እጅግ የተሻለ እለዋለሁ እንጂ ንጹሕ አልለውም።

በ1998 አናስታስና ጆን ዋርነር የአረንጓዴ ኬሚስትሪን 12 መርሆዎች በአንድ መጽሐፍ አወጡ። ሁሉንም እዚህ መደርደር አያስፈልግም፤ ግማሾቹን በአይቡፕሮፌን ታሪክ ውስጥ አይተናቸዋል። የመጀመሪያው ቆሻሻን ከፈጠሩት በኋላ ከማጽዳት አስቀድሞ አለመፍጠር ይሻላል ይላል። የመጨረሻው ደግሞ አደጋ ቢፈጠር እንኳ ጉዳቱ ትንሽ የሚሆንባቸውን ነገሮች መምረጥ ነው፤ በዚህኛው ቢሾፕ አያልፍም።

አሁን ወደ ኖቲንግሃም፣ ጄሲ ቡት ወደሰጠው ግቢ እንመለስ። ማርቲን ፖሊያኮፍ በ1979 ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ መጥተው ያስተምሩ ነበር። ትኩረታቸው ማሟሚያ ላይ ነበር፤ ትክክልም ነበሩ፣ በመድኃኒት ፋብሪካ ከሚጣለው ነገር አብዛኛው ማሟሚያ ነውና። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከ73 የከባቢ አየር ግፊት በላይ ሲታመቅ ጋዝም ፈሳሽም ያልሆነ ጠባይ ይይዛል፤ እንደ ፈሳሽ ያሟሟል፣ እንደ ጋዝ ይሰርጋል፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ደግሞ ምንም ቅሪት ሳይተው ይበንናል። ጀርመኖች ካፌይንን ከቡና ለማውጣት ቀድመው ተጠቅመውበታል። ፖሊያኮፍ በዚሁ ነገር ውስጥ የኬሚካል ቅመራ ማካሄድ እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2002ም ቶማስ ስዋን የተባለ ኩባንያ ኮንሴት በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ በዓመት እስከ 1000 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ተከለበት። በቴክኒክ ተሳካ። በገበያ ግን ከነባሩ ዘዴ ጋር መወዳደር አቅቶት ቆመ፤ ጋዝ አምቆ መያዝ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበትም ገንዘብ ነው። ቢሾፕ የኖረው ንጹሕ ስለነበረ ብቻ ሳይሆን ርካሽም ስለነበረ ነው።

ከኖቲንግሃም የወጣው ሐሳብ ወደ እኛም ደረሰ። በ2005 ግሪን ኬሚስትሪ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አንድ የኢትዮጵያ ጥናት አተመ። ጸሐፊዎቹ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ንግሥት አስፋው፣ ከኖቲንግሃም ደግሞ ፒተር ላይሰንስ፣ አሌክሳንደር ኖቪትስኪና ማርቲን ፖሊያኮፍ ነበሩ። ያጠኑት በየደጋው የሚበቅለውን ጭቁኝ ነው፤ ጥሩ መዓዛ ያለውን የቅጠሉን ዘይት ለማውጣት ንጹሕ የሚባለውን ዘዴና የቆየውን ዘዴ ጎን ለጎን አስተያዩ። አዲስ አበባና ኖቲንግሃም ከዚያም በኋላ በትምህርቱ መተባበር ቀጠሉ።

ይህ ለእኛ ከክብርም በላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚመረቱት ክኒኖች ዋናው ንጥረ ነገራቸው በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፤ እዚህ የሚሆነው መቀላቀል፣ መጠፍጠፍና ማሸግ ነው። ለዚህም ነው የአይቡፕሮፌን ዝቃጭ የእኛን ወንዝ ያላየው፤ የሌላ አገር ወንዝ ግን አይቷል። ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል። አንድ ቀን ንጥረ ነገሩም እዚሁ ይመረት ሲባል፣ የአቃቂ ወንዝ ከቆዳ ፋብሪካዎች የቀመሰውን የሚያውቅ ትውልድ የመጀመሪያውን ንድፍ በትሮስትና በሼልደን ሚዛን ሳያስቀምጥ ሊፈርም አይገባውም። ፋብሪካ ከተተከለ በኋላ መንገድ መቀየር እጅግ ውድ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ወጪው የአንድ ኬሚስት ጊዜ ብቻ ነው።

ከ2005 ወዲህ የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሥራ ፈጠነ። በ2010 መርክና ኮዴክሲስ ሲታግሊፕቲን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ሲሠሩ ውድ የሆነውን የሮዲየም ካታሊስት በተሻሻለ ኢንዛይም ተክተው ጠቅላላ ቆሻሻውን 19 በመቶ ቀነሱ። ፍራንሲስ አርኖልድ ኢንዛይሞችን ለእንዲህ ያለ ሥራ እያሻሻሉ የማሳደግን ዘዴ ስላስጀመሩ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በ2021 ደግሞ ሽልማቱ ብረት የሌለባቸውን ትንንሽ ካታሊስቶች ላገኙት ለቤንጃሚን ሊስትና ለዴቪድ ማክሚላን ሆነ።

አይቡፕሮፌንም መፈተኛ ሆኖ ቀጠለ። በ2009 የኬሚስቱ የማክኳድ ቡድን፣ በ2015 ደግሞ የኤምአይቲ ኬሚስቶች ትልቁን ድስት ትተው ቅመራውን በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እየፈሰሰ እንዲካሄድ አደረጉ፤ የኤምአይቲው ከመነሻ እስከ ማጣራት ሦስት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። የሚያስደንቅ ነው፤ የሚሸጠውን ክኒን የሚያመርቱት ግን አሁንም ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ናቸው። በ2018 የቢሾፕ ፋብሪካ፣ በጊዜው ባስፍ በተባለው ኩባንያ እጅ የነበረው፣ በቴክኒክ ብልሽት ቆሞ በዓለም ገበያ የአይቡፕሮፌን እጥረት ተፈጠረ፤ ንጹሑ መንገድ በጥቂት ቦታ ተከማችቶ እንደነበር ያኔ ታየ። እስያ ውስጥ ደግሞ አሉሚንየም ክሎራይድ የሚገባባቸው መንገዶች አሁንም በሥራ ላይ ናቸው።

በ2023 የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መነሻውን ራሱን ቀየሩት። እስካሁን ያየናቸው መንገዶች ሁሉ፣ ቡትስም ቢሾፕም፣ ከነዳጅ ዘይት ይነሣሉ። የባዞቹ መነሻ ከወረቀት ፋብሪካ የሚተርፈው የጥድ ተርፐንታይን ነው፤ በዓለም በዓመት ከ350,000 ቶን በላይ ይገኛል። በውስጡ ካለው ፓይኒን ከሚባል ውህድ አይቡፕሮፌንንም ፓራሲታሞልንም ሠርተው አሳዩ፤ ሥራውንም ሳይቋረጥ በሚፈስስ ዘዴ አካሄዱት። በአሁኑ መልኩ ዘዴው ከነዳጅ ዘይት ከሚነሣው ሊወደድ እንደሚችል ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተናግሯል። ቢሾፕ ያለፈው፣ ኮንሴት የወደቀበት ፈተና ከፊቱ ይጠብቀዋል።